ዳማ የመታው ሬጌ

አባዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በመላእክትና በቅዱሳን ፊት፣ ጓሮ ውስጥ ሽንኩርት በሚከትፉት ሴቶች ሁሉ ፊት፣ አንድ በደሌን እናዘዛለሁ። ዛሬ ጠዋት በሙት ዓመትህ ፍትሐት ላይ ከነጠላዬ ሥር ያንተን የሹራብ ኮፍያ አድርጌ ነው የቆምኩት። ያንን አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን። የንስሐ አባታችን መስቀል ሲያሳልሙኝ እጃቸው አናቴ ላይ ቆመና፣ «ምነው ልጄ፣ ራስሽ አበጠ እንዴ?» አሉኝ። «በሐዘን ነው አባ» አልኳቸው። አዘኑልኝና ደግመው ባረኩኝ። ስለዚህ ኮፍያህ ሁለት ጊዜ ተባርኳል። አንተ ራስህ በአንድ ቀን ሁለቴ የተባረክህ አይመስለኝም።

ደግሞ ውሸት አልነበረም። በሐዘን ነው።

ከተለየኸን ዓመት ሞላ። ሰው ሁሉ «ዓመቱ እንዴት ሮጠ!» ይላል። እኔ ሲሮጥ አላየሁትም። እንደ አባትህ፣ እንደ አባባ አሮጌ ፈረስ አንድ እግሩን እየጎተተ ነው ያለፈው።

አሁን ያለሁት ስቱዲዮህ ውስጥ፣ ወንበርህ ላይ ነው። በሩን ከውስጥ ቆልፌዋለሁ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ቆሰበር በሙሉ ተሰብስቧል። እማዬ ውሃ ልትቀዳ ሄደች ብላ ነው የምታስበው፤ ጀሪካኑ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እየታዘበኝ ነው። የምጽፍልህ ከባዮሎጂ ደብተሬ በቀደድኩት ወረቀት ላይ ነው። ጀርባው ላይ የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ አለ፤ ይቅር በለኝ።

የተደበቅሁት ለመጻፍ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው እየጠበቅሁ ነው። ይምጡ አይምጡ አላውቅም። ዛሬ ካልመጡ ነገ ጠዋት ይህ ክፍል የለም። ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ መግቢያውን ስዘልል ትቆጣ ስለነበር።

ከቤቱ ልጀምር። ታናሽ ወንድምህ ጋሽ ምናለ ዓመቱን ሙሉ አልራቀንም። ከአዲስ ቅዳም በመጣ ቁጥር ጤፉንም ድንቹንም ይዞ ነው የሚመጣው። ከሰል ንግዱ ሰፍቶለታል፤ የሚሸጠውን ከሰል ግማሹን ፊቱ ላይ ይዞት ይዞራል እንጂ ደግ ሰው ነው። ባለፈው ወር ይህን ክፍል ከፍቶ ገባ። ግድግዳው ላይ የለጠፍከውን የእንቁላል ካርቶን ሁሉ እየዳበሰ ዞረ። «ወንድሜ ይሄን ሁሉ እንቁላል በልቶ ነው እንደዚያ ከስቶ የሞተው?» አለ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው ብዬ አስረዳሁት። ጣሪያውን አየ፣ በሩን ከፍቶ ዘጋ፣ አሰበና፣ «ነፋስ አያስገባ፣ እርጥበት አያስገባ፤ ሆን ተብሎ ለከሰል የተሠራ ክፍል ነው» አለ።

እንዲህ ሆኖ ተወሰነ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ዕቃህ በአይሱዙ ተጭኖ ባህር ዳር ሄዶ ይሸጣል፤ ከሰሉ እዚህ ይገባል። ተዝካሩ ዛሬ ነው፤ መኪናው ነገ ጠዋት ይመጣል።

እማዬን አትቀየማት። እኔ ተቀይሜያት ነበር። «አንቺ ነሽ የፈቀድሽው?» ብዬ ስጮህባት ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «ተዘግቶ ከማየው ከሰል ቢሞላበት ይሻለኛል» አለች። ከዚያ ወዲህ አልጮህኩም። አንተ ከሞትክ ጀምሮ በዚህ በር ፊት ለፊት ማለፍ ስለማትወድ ወደ ጓሮ የምትሄደው ቤቱን ዞራ ነው፤ በዝናብም ቢሆን።

ድንኳን ውስጥ ያሉትን ሽማግሌዎች ብትሰማቸው ግን ትስቃለህ። ሰው ሲሞት ለካ እንዴት ይወደዳል! «ያን ፀጉር ተቆረጠው፣ ሴት ልጅ እኮ ነው የምታሳድገው» እያሉ በየመንገዱ ያስቆሙህ የነበሩት ዛሬ «ፀጉሩ ግርማ ነበረው» ይላሉ። አንደኛው ጠላቸውን ጨለጥ አድርገው፣ «ያ ጊታሩ ሲያጉረመርም ልቤ ይረካ ነበር» አሉ። አባዬ፣ እኚህ ሰውዬ ያ ጊታር እንቅልፍ ነሳኝ ብለው ቀበሌ የከሰሱህ ናቸው። ጊታር ሳይሆን ቤዝ ጊታር ነው ብዬ ላርማቸው ፈልጌ ነበር፤ ጀሪካኑን አንስቼ አለፍኩ።

ከዘንገና ማዶ የሚመጡት የገጠር ሰዎች ግን ከመጀመሪያውም አክብረውሃል። የተጎነጎነ ፀጉርህንና ቅጥነትህን አይተው ባህታዊ ነው ብለው ስንቴ መንገድ ላይ ተንበርክከውልሃል! «እናቴ፣ እኔ ዘፈን የምሠራ ሰው ነኝ» ስትላቸው፣ «አይ ትሕትናቸው!» እያሉ ትከሻህን ይስሙ ነበር። እኔ በሳቅ ስፈርስ አንተ አትስቅም ነበር። በረከት መስጠት ስላልቻልክ ዕቃቸውን እስከ ባጃጁ ትሸከምላቸው ነበር። ዛሬም ሁለት ሴቶች ጧፍ ይዘው መጥተዋል። ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ለአባታችን» አሉኝ። አባታቸው እንዳልሆንክ ልነግራቸው አልቻልኩም፤ ተቀብዬ አብርቼልሃለሁ።

አባዬ፣ የሕይወትህን ታሪክ እኮ በቁርጥራጭ ነው የነገርከኝ፤ ገመድ ስትጠግን ትንሽ፣ መብራት ሲጠፋ ትንሽ። ራስህ በጠረብከው ክራር ከቤት ጠፍተህ ባህር ዳር ሆቴል ቤት መጫወትህን። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሻሸመኔ። ሻሸመኔ አንድ ሽማግሌ ጃማይካዊ ቤዝ ሲያስተምርህ ማጉያ ስላልነበረው የቤዙን አናት ከእንጨት በር ጋር አስደግፎ፣ «በጆሮህ አትፈልገው፣ በሩን ንካና ስማው» ያለህን። ያ በር መላ ቤቱን ያንቀጠቅጥ ነበር ብለኸኝ ነበር። እኔም ይህን በር እንደዚያ አድርጌ ሞክሬዋለሁ። ጎረቤት መሬት ተንቀጠቀጠ ብሎ ወጣ።

የስንቱን ዘፋኝ ካሴት አንተ ሠራኸው። ሽፋኑ ላይ የእነሱ ጥርስ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ያንተ ስም አንዱ ላይ ብቻ፣ ከታች፣ በጉንዳን ፊደል ተጽፎ አለ። እሱም ያለ አባት ስም። ስምህ ትንሽ መሆኑ አላስከፋህም። የአባባን ስም መዝለላቸው ግን አስከፍቶህ ነበር። «የማን ልጅ እንደሆንኩ ቢጽፉት ምን ነበር?» አልከኝ። ያኔ አልገባኝም። እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ በየደረስኩበት ይነገረኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ በቁጣ።

ከአባባ ጋር የሆናችሁትን ነገር ደግሞ አንተ አልነገርከኝም፤ ከእማዬ ነው የሰማሁት። እናትህ ሲሞቱ አንተ የት እንዳለህ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ቀብሩ ላይ አልደረስክም። በኋላ ሰምተህ ስትመጣ አባባ በር ላይ ቆመው አዩህና፣ «ፈረስ ይጋልባል ብዬ ያሳደግሁት ልጅ የፈረስ ጭራ ተሸክሞ መጣ» አሉ። ቃላቸው ይኸው ነበር። ቆሰበር ተመልሰህ ቤት ሠርተህ፣ አግብተህ፣ እኔን ወልደህ፣ የሠርግ ዘፋኞችንም የመዝሙር ቡድኖችንም ይህ ክፍል ውስጥ እየቀረጽክ ኖርክ፤ እሳቸው ግን ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሽማግሌ ላክህ፤ ሽማግሌዎቹ ጠጥተው ተመለሱ። እኔን ግን ይወዱኝ ነበር። ፈረሳቸው ዳማ ላይ እያስቀመጡ ያዞሩኝ ነበር። ስላንተ የሚጠይቁኝ «ያ ሰውዬ ደኅና ነው?» ብለው ነው።

አሁን ወደ ዘፈኑ ልምጣ።

ሬጌን ያስተማርከኝ በወንበር ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያልኩ አንደኛዋ ላይ ስመታ እጄን ያዝክና፣ «እሷን ተያት» አልከኝ። «ድግስ ቤት ስንገባ ከፊት ያለው ወንበር ለማን ነው የሚተወው?»

«ለትልቅ ሰው።»

«ትልቁ ሰው ቢዘገይስ?»

«ባዶውን ይቆያል እንጂ ማን ይቀመጥበታል!»

«በቃ፣ ሬጌ እንደዚያ ነው። አንደኛዋን ለትልቁ ሰው ትተሽ ሦስተኛዋ ላይ ትወርጃለሽ።»

አገር ዞረህ የተማርከውን ነገር በተዝካር ወንበር የምታስረዳ ሰው ነበርክ። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ ወንበር ባየሁ ቁጥር ራሴን መነቅነቅ ጀመርኩ።

የመጨረሻው ዘፈንህ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ስም አላወጣህለትም። ቤዙ አለ፣ ኪቦርዱ አለ፣ ምቱ አለ። ድምፅ በሚገባበት መስመር ላይ ግን ያንተ ማንጎራጎር ብቻ ነው ያለው፤ ቃል የለውም። መጨረሻው ላይ ጉሮሮህን ትጠርግና «ባንቹ፣ አቁሚው» ትላለህ። ይህችን ሳልቆርጣት ትቻታለሁ። እማዬ ባንቺአየሁ ትለኛለች፤ አስተማሪዎቼ «አንቺ፣ ከኋላ ያለሽው» ይሉኛል፤ ባንቹ የምትለኝ አንተ ብቻ ነበርክ። ዓመቱን ሙሉ ባንቹ ብሎ የጠራኝ ይህ ኮምፒውተር ነው።

ቃሉ የታለ ብዬ ስጠይቅህ፣ ቃሉ የአባባ ነው አልከኝ። ልጅ ሳለህ ኮርቻው ላይ ከፊታቸው አስቀምጠውህ ከዘንገና ገበያ ሲወርዱ በአዊኛ ይዘፍኑልህ ነበር። ዜማው ቀረልህ፣ ቃሉ ጠፋብህ። «ታዲያ ሂድና ጠይቃቸዋ!» አልኩህ። ሳቅክ። ሳቅህ ግን ቶሎ አለቀ።

ምቱን ደግሞ ከየት እንዳመጣኸው አይቻለሁ። በየቅዳሜው ያቺን የእጅ መቅረጫህን ይዘህ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ትወጣና ባህር ዛፉ ሥር ትቆም ነበር። አንዳንዴ እኔም እከተልሃለሁ። አባባ ዳማን ሶምሶማ እያስረገጡ ይመጣሉ። አንተ ክንድህን ወደ መንገዱ ትዘረጋለህ። እሳቸው ያዩሃል፣ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ያልፋሉ። አቧራው ሁለታችንም ላይ ያርፋል። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ «ለምንድን ነው በየሳምንቱ እዚህ መጥተህ የምትዋረደው?» ብዬ አለቀስኩ። «ኧረ ሥራ ላይ ነኝ! ድምፅ እየሰበሰብኩ ነው» አልከኝና አቧራውን ከፊቴ ላይ ጠረግህልኝ።

ቤት ገብተን ስንሰማው ከአራቱ ኮቴዎች አንዷ ዘግየት ትላለች። «በኮምፒውተሩ አስተካክላት» አልኩህ። ያኔ ሁሉን ነገር አውቅ ነበር፤ አሁንም አውቃለሁ። «እንዳትነኪያት!» ብለህ እጄን መታህ። በሕይወትህ የመታኸኝ ያኔ ብቻ ነው፤ እሱም በፈረስ እግር ምክንያት።

ከዚያ ታመምክ። ባህር ዳር ሄድክና በሳጥን ተመለስክ። ቀብርህ ላይ አባባ መጡ። እንደ ወጉ ቢሆን የፈረሰኛ ልጅ ሲቀበር ፈረስ ተሸልሞ ይመጣል። እሳቸው ዳማን ሳይሸልሙ፣ ሳይጋልቡ፣ በልጓሙ እየጎተቱ በእግራቸው መጡና ከሰው ዳር ቆሙ። አላለቀሱም። ሰው ሁሉ «ልበ ደንዳና» አላቸው፤ እኔም ከሁሉ አስበልጬ አልኳቸው። በክረምቱ ዳማም ሞተ። ያኔም አላለቀሱም አሉ።

ሰሞኑን እንግዲህ አንድ ተንኮል ሠራሁ። አባባ ጠዋት ጠዋት አዲሱን ወጣት ፈረሳቸውን ሲያሹ ያንጎራጉራሉ የሚባል ወሬ ሰማሁ። ለተዝካሩ ነጭ ሽንኩርት ልላጥላቸው ብዬ ዘንገና እሳቸው ቤት ሄጄ አደርኩ። ጠዋት በረቱ ውስጥ ድርቆሹ መሃል መቅረጫህን ደበቅሁ። ያንን ዘፈን ከነቃሉ ልሰርቃቸው ነበር።

የተቀረጸውን ልንገርህ? ፈረሱን ሲሰድቡ ነው። «አንተ ሰነፍ! አንተ ሆዳም! ዳማ ባንተ ዕድሜ ስንቱን ገደል ዘሎ ነበር፤ አንተ ጥላህን ታያለህና ትበረግጋለህ!» ከዚያ ማኘክ፣ ማኘክ፣ አሁንም ማኘክ፤ ከዚያ ክርትክርት የሚል ነገር። ፈረሱ መቅረጫህን መብላት ጀምሮ ነበር። አባባ ከነለሃጩ ይዘውት ወጡና በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ፊቴ ላይ ያዙት።

ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ውሸቱም ተዘጋጅቶልኛል። እሳቸው ግን ወደኔ እያዩ አልነበረም። «ይህን ዕቃ አውቀዋለሁ» አሉ። «በልጄ እጅ ላይ ነበረ።»

ልጄ አሉ፣ አባዬ። ያ ሰውዬ አላሉም።

«መንገድ ላይ እየቆመ እጁን ይዘረጋልኝ ነበር» አሉ። «ይቅር በለኝ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አባቱን በመንገድ እንደ ለማኝ ቆሞ ነው እንዴ የሚለምን፣ ቤቴ አይመጣም ወይ ብዬ ተናደድኩ። በር ላይ የተናገርኩትን ረስቼው። እጁ ላይ ያለው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።»

ስልኬን አወጣሁ፤ ዘፈኑ እሱ ላይም አለ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸውና ከፈትኩት። ከዚያ ማዳመጫ ያደረገ ሰው እንደሚጮኸው ጮኹ፦ «ዳማ!» ጎረቤት ፈረሱ ከሞት የተነሣ መስሎት እየሮጠ ወጣ። «ዳማ ነው! ይቺ የኋላ ግራ እግሩ ናት! ገደል ከገባ ወዲህ እንዲህ ነው የሚረግጣት!» አንድ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው እያንዳንዷን ኮቴ ይቆጥራሉ፤ ዘግየት የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አባዬ፣ አባባ ሬጌ እየመቱ ነበር። በሦስተኛዋ ላይ ነው የወረዱት። ማንም ሳያስተምራቸው።

ቀጥሎ ያንተ ማንጎራጎር መጣ።

ጣታቸው ቆመ። እጃቸውን ፈረሱ አንገት ላይ አሳረፉና «ባንቹ፣ አቁሚው» እስክትል ድረስ እዚያው ተዉት። ከጨረሰ በኋላም ማዳመጫውን አላወለቁም። በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «ቃሉን ረስቶታል?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«እንዴት አይረሳው። ትንሽ ነበር። የምዘፍንለት እንቅልፍ ሲወስደው ነበረ፣ ከኮርቻው እንዳይወድቅ።» ያኔ አየኋቸው። ዓመት ሙሉ ልበ ደንዳና ያልናቸው ሰውዬ በፈረስ ጋማ ዓይናቸውን ጠረጉ። ፈረሱ እንኳ ዝም አለላቸው።

ያልኩትን ልንገርህ፦ «አባባ፣ ይምጡና እዚያው እሱ የተወልዎት ቦታ ላይ ይዝፈኑት። ከሰሉ ሳይገባ።» መልሳቸው «ተዝካሩ ይውጣ» ነበር። ከዚያ ፈረሱን ወደ መሳደባቸው ተመለሱ።

ታውቃቸዋለህ። «ይውጣ» ማለት በእሳቸው አፍ እሺም ነው እምቢም ነው። ያ ዘንባላ አጥራቸው «ጥምቀት ይውጣ» ከተባለ ጀምሮ ስንት ጥምቀት ወጣ፤ አጥሩ ግን አሁንም መንገዱን ጎንበስ ብሎ ያያል።

ስለዚህ እዚህ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ክፍሉን ጠርጌያለሁ። ከቀርከሃ የሠራሃትን የማይክ መቆሚያ ለተቀመጠ ሰው ልክ ዝቅ አድርጌያታለሁ፤ የመቀመጫ ዱካ አምጥቼ አጎዛ አንጥፌበታለሁ። ኮምፒውተሩ በርቷል፤ መብራት እንዳይሄድ ብቻ ነው የምጸልየው። በስልክሽ ለምን በረቱ ውስጥ አልቀረጽሻቸውም ትለኝ ይሆናል። መቅረጽ ይቻል ነበር፤ ያን ጠዋት ብለምናቸው ምናልባት ይሉልኝ ነበር። እኔ የምፈልገው ግን ይህን በር እንዲሻገሩ ነው። ወንበሩን የተውክላቸው እዚህ ነዋ። ነገ ከሰል ይቀመጥበታል፤ ዛሬ ግን ገና የእሳቸው ነው።

ባይመጡስ? አስቤበታለሁ። ቃሉ ከእሳቸው ጋር ይሄዳል፤ ዘፈኑ እንደተዘጋ አፍ ይቀራል። ያኔም ቢሆን አንተን የማስታውስበትን መንገድ ወስኜ ጨርሻለሁ። ባለፈው ወደ ዳንግላ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ የድሮ ዘፈን ተከፈተ። ቤዙ ሲገባ ወንበሩ ከሥሬ ተንቀጠቀጠና አወቅሁህ። ልጅ ሳለሁ እንደዚህ ሲሆን ትከሻዬን በጣትህ ነካ ታደርገኝና ወደ መስኮቱ ትዞር ነበር፤ ለማንም አትናገርም። እኔ ግን ያንተ ጨዋነት የለኝም። ረዳቱ ሊቀንሰው ሲል «ቤዙን እንዳትነካው፣ አባቴ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አንዲት ሴትዮ አማተቡ። ከዛሬ በኋላ በየሚኒባሱ፣ በየሠርጉ፣ በየጠጅ ቤቱ በር ሳልፍ እንደዚያ ነው የማደርገው። ስምህን ከነአባት ስምህ፣ ሳልዘልል፣ ካሴቱ ላይ ያልጻፉትን ጨምሬ እናገራለሁ። ቢያስወርዱኝም ወርጄ መንገድ ላይ እናገረዋለሁ።

በመስኮቱ ስንጥቅ ድንኳኑን እያየሁ ነው። ቄሶቹ ጸሎቱን ጨርሰው ተቀምጠዋል። ቀበሌ የከሰሱህ ሰውዬ እንቅልፍ ወስዷቸው ጠላው ጭናቸው ላይ ሊደፋ ነው። ጋሽ ምናለ እንጀራ እያዞረ ነው፤ ዛሬ ፊቱን ታጥቧል። እማዬ በር በሩን እያየች ነው፤ ጀሪካኑን እየፈለገች መሰለኝ።

ከፊት ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ቅድም አባባ ነበሩበት። አሁን የሉም። ጋቢያቸውም የለም። ማንም አልተቀመጠበትም፤ አጠገቡ ያሉት ግራና ቀኝ እየተያዩ ነው። እማዬ ወደዚህ ዞረች። ቆመች። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አባዬ፣ ደንጊያው ላይ የከዘራ ድምፅ እሰማለሁ። አይቸኩልም። በሩ ጋ መጥቶ ቆመ። እጅ በሩን እየዳበሰው ነው፤ በእንጨቱ በኩል ይሰማኛል። ኮፍያህን ላወልቅ ነበር፤ ተውኩት።

«ባንቹ» አሉ። «ክፈቺው።»